ያልሰማው አደራ

ፀጉር አስተካካዩ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በአንዲት ጠባብ ቤት፣ በአንድ መስታወት ፊት ቆሞ ሠርቷል። ሁለት የሚሽከረከሩ ወንበሮች፣ በግራ በኩል አንድ ረጅም አግዳሚ፣ ጥግ ላይ የእጅ መታጠቢያ፣ ግድግዳው ላይ ቀለማቸው የለቀቀ የፀጉር ቁርጥ ፎቶዎች፤ ያለው ይኸው ነው። ሰፈርተኛው «ጋሽ መቀስ» ይለዋል። ሚስቱ ከሞተች ስምንት ዓመት ሆኗል። አንዲት ሴት ልጅ አለችው፤ እሷም አግብታ ሌላ ከተማ ትኖራለች።

ጋሽ መቀስ በእጁ ብቻ ሳይሆን በጆሮውም የታወቀ ሰው ነበር። ሰው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ አንገቱ ላይ ጨርቅ ሲታሰርለት ምን እንደሚነካው አይታወቅም፣ ምላሱ ይፈታል። ማን ከሚስቱ እንደተኳረፈ፣ ማን ከሥራ ሊባረር አንድ ሐሙስ እንደቀረው፣ የማን ልጅ ፈተና እንደወደቀ ቀድሞ የሚያውቀው እሱ ነው። ከሱ ግን አይወጣም። «እዚህ የተወራ ከፀጉሩ ጋር ተጠርጎ ይጣላል» ይል ነበር። ሰውም ያምነው ነበር፤ ያውም በምላጭ ጉሮሮውን እየሰጠው።

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን ደንበኛው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ስልኩን ማየት ጀመረ። ለፀጉር አስተካካይ ይህ ጨዋታ ማጣት ብቻ አይደለም፣ ሥራም ያበላሻል። ሰው ወደ ታች ሲያይ የማጅራቱ ቆዳ ይወጠራል፤ ልክ ነው ብለህ የጨረስከው መስመር ቀና ሲል ይጣመማል። ስለዚህ «ቀና በል ወንድሜ»፣ «ቀና በል አልኩህ እኮ» ሲል ይውላል። አንድ ቀን ሁለቱም ወንበር፣ አግዳሚውም ጭምር በአቀርቃሪ ተሞልቶ ቢያይ፣ «እናንተ ሰዎች፣ ለፀጉር ነው የመጣችሁት ወይስ ለጸሎት?» አላቸው። ሳቁለት፤ ቀና ያለ ግን አልነበረም።

ቀና ብሎ የሚያወራው አንድ ሰው ቀርቶ ነበር። እሱም ጡረታ የወጣ የመሬት ቀያሽ ነው፤ የሠላሳ ዓመት ወዳጁ። የቀያሹ ፀጉር ከራሱ ላይ ካለቀ ቆይቷል፣ ግን ማክሰኞ ጠዋት፣ ሥራ በሚቀዘቅዝበት ሰዓት፣ ሳያሰልስ ይመጣል። አግዳሚው ጫፍ ላይ ይቀመጥና አንድ ዓይኑን ጨፍኖ የደንበኛውን ራስ ይለካል። «ግራው ሁለት ሚሊ ወርዷል» ይላል። ደንበኛው ይደነግጣል፣ ጋሽ መቀስ በመቀሱ ወደ በሩ ያሳያል፣ «ውጣልኝ፣ ሂድና መንገድህን ለካ!» ይላል፤ ከዚያ ሦስቱም ይስቃሉ። ብዙ ጊዜ ግን ግራው እውነትም ሁለት ሚሊ ወርዶ ይገኝ ነበር።

የቀያሹን ቁስል የሚያውቀውም ጋሽ መቀስ ነው። ከስድስት ዓመት በፊት ሚስቱን ደረቷን አሟት ነበር። መኪና የነበረው ወንድ ልጃቸው ያን ቀን ሥራ አድክሞት፣ «ነገ በጠዋት እወስድሻለሁ፣ እማዬ» አላት። ነገን አላየችም። በቀብሯ ቀን ቀያሹ ሰው በተሰበሰበበት ጣቱን ወደ ልጁ ቀስሮ፣ «እናትህን የገደልካት አንተ ነህ» አለው። ልጁም በሳምንቱ ሻንጣውን ይዞ ሄደ፣ አልተመለሰም። አልፎ አልፎ ከአባቱ ጋር ለምትኖረው አክስቱ ይደውላል፤ ስለ አባቱ አይጠይቅም፣ አባቱም ስለሱ አይጠይቅም። ግን አክስትየው ስልክ ይዛ ወደ ጓሮ ስትወጣ፣ ቀያሹ የሬዲዮኑን ድምፅ ይቀንስ ነበር። ይህን ራሱ ነው ለጋሽ መቀስ የነገረው።

ታዲያ ለጋሽ መቀስ ስማርት ስልክ የላከችለት ልጁ ናት። «አባዬ፣ የልጅ ልጅህን ፊት ለፊት እያየህ ታወራታለህ» አለችው። እውነትም አየ። የአምስት ዓመቷ ሕፃን አፏን ከፍታ የወለቀ ጥርሷን ስታሳየው፣ መስታወቱ ሥር ካለው መደርደሪያ ላይ ስልኩን ከአልኮል ጠርሙሱ ጋር አስደግፎ፣ ጨርቅ የታሰረለትን ደንበኛ ረስቶ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ለዚህ ስልክ ማን ክፉ ቃል ይናገራል?

ነገሩ የመጣው በሌላ በር ነው። ልጅቷ ትምህርት ቤት ትሄዳለች፣ እናትየው ሥራ ትውላለች፣ ስልኩ ግን አለ። በጣቱ ወደ ላይ ገፋ ሲያደርገው አንድ ሰው ዛፍ ይቆርጣል፤ ገፋ ሲያደርገው ሌላው የዛገ ቢላዋ አሹሎ እንደ መስታወት ያበራል፤ ገፋ ሲያደርገው ድመት ከጣሪያ ትወድቃለች። ማታ ባዶ ቤት የሚጠብቀው ሰው ነው፤ ድምፅ የሚያሰማ ነገር ሲያገኝ እንዴት ይጥላል? መጀመሪያ ምሳ ሲበላ ብቻ ነበር። ቀጥሎ ደንበኛ በሌለ ጊዜ። ቀጥሎም ደንበኛ እያለ፤ ጫጫታው እንዳይረብሽ ብሎ የጆሮ ማዳመጫ ገዛና በግራ ጆሮው ሰካ። አንድ ቀን የአንዱን መምህር ጆሮ ጫፍ በምላጭ ነካው፤ በሠላሳ አንድ ዓመት ያላደረገው ነገር ነው። ጥጥ እየያዘ ይቅርታ ጠየቀ። ምላጩ አዲስ ስለሆነ ነው አለ።

ቀያሹ መጀመሪያ ላይ ቀለደበት። «አንተም አንገት ደፋህ?» አለው። ቆየት ብሎ መቀለዱን ተወ። አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ውጭ ውጭውን እያየ፣ ሁለት ሰዓት የነበረው ቆይታው ወደ አንድ ሰዓት፣ ከአንድ ሰዓት ወደ ግማሽ ወረደ። ጋሽ መቀስ ይህን አላስተዋለም። የወዳጁ ድምፅ እየሻከረ መምጣቱንም ቢሆን ሰምቶ አልሰማውም።

ያን ማክሰኞ ቤቱ ውስጥ ደንበኛ አልነበረም። ጋሽ መቀስ ራሱ የደንበኛ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ስልኩን አስደግፎ፣ ማዳመጫውን በግራ ጆሮው እንደሰካ፣ ጫካ ውስጥ በባዶ እጁ ቤት የሚሠራ ሰው እያየ ነበር። ቀያሹ ገባና በሩን ገርበብ አደረገው።

«ዛሬ ቁም ነገር ይዤ ነው የመጣሁት» አለ።

«ይህ ጉንፋን አልለቅህ አለ አይደል?» አለ ጋሽ መቀስ፣ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ።

«ጉንፋን አይደለም። እሱንም እነግርሃለሁ።»

«በል ንገረኝ፣ እየሰማሁህ ነው።»

ቀያሹ በግራ በኩል፣ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጠና ማውራት ጀመረ። ዝግ ብሎ ነበር የሚያወራው፤ ከዚያ በላይ ድምፅ አልነበረውም። ጫካ ውስጥ ያለው ሰውዬ ጉድጓድ ቆፈረ፣ ግንድ ተከለ፣ ጭቃ በእግሩ ረገጠ። ጋሽ መቀስ ንግግሩ ረገብ ባለ ቁጥር «እህ» ይላል፣ «አዎ» ይላል፣ «ልክ ነህ» ይላል። የት ቦታ ላይ ምን እንደሚባል ሠላሳ ዓመት አስተምሮታል፤ ሳይሰማም ይችልበታል። ሩብ ሰዓት ያህል እንዲህ ሄደ። ከዚያ ቀያሹ ተነስቶ እጁን ትከሻው ላይ ጣል አደረገ።

«ገባህ?»

«ገባኝ እንጂ።»

«አደራህን። ካንተ ሌላ ለማን እነግራለሁ?»

«ኧረ ምንም አታስብ።»

ቀያሹ በሩ ጋ ሲደርስ ቆመ። «ለመሆኑ ምንድን ነው የምታየው?» አለው።

«ቤት እየሠራ እኮ ነው ሰውዬው! በባዶ እጁ!»

«መሠረቱ ልክ ነው?»

«ምኑ?»

«ተወው» አለና ወጣ።

በሚቀጥለው ማክሰኞ አልመጣም። ጋሽ መቀስ ጉልበቱን አሞት ይሆናል ብሎ አሰበ፣ እደውላለሁ አለ፤ ስልኩ እጁ ውስጥ ነበር፣ ግን አልደወለም። ሐሙስ ዕለት አንድ ደንበኛ ጨርቁ እየታሰረለት፣ «ያ ወዳጅህ አረፈ አሉ፣ ያሳዝናል» አለው።

መቀሱን የት እንዳስቀመጠው አያስታውስም። ሱቁን እንኳ ሳይዘጋ፣ በነጭ ጋውኑ፣ ሦስት መንገድ አቋርጦ ቀያሹ ቤት ደረሰ። ግቢው ሰው ነው። የቀያሹ ታላቅ እህት፣ ከወንድሟ ጋር የምትኖረው፣ ስታየው ተነስታ አቀፈችው።

«ቀዶ ሕክምናውን አልቻለውም» አለችው። «እንዳንቀላፋ ቀረ።»

«የምን ቀዶ ሕክምና፣ እትዬ?»

ከእቅፉ ወጥታ አየችው። «የጉሮሮው ነዋ። ድምፅህን ልታጣ ትችላለህ ብለውት አልነበር? ነግሬዋለሁ ብሎኝ እኮ ነው የገባው።»

ጋሽ መቀስ «አዎ… ነግሮኛል» አለ። «ድንጋጤ ነው።»

እጁን ይዛ ወደ ጓዳ አስገባችው፤ በሩንም ዘጋች። ልጁ ደውሎ ነበር። ለቀብሩ አይደርስም፣ ቅዳሜ ይገባል። «ወንድሜ ሆስፒታል ከመግባቱ በፊት ለልጁ የሚለው ነገር ነበረው» አለች። «በስልክ ንገረው ስለው፣ ‹ይህ ፊት ለፊት እንጂ በስልክ የሚባል ነገር አይደለም› አለኝ። ጻፈው ስለው፣ ‹እኔ ቁጥር እንጂ ጽሑፍ አይሆንልኝም› አለ። ታዲያ ለኔ ንገረኛ ብዬ ብቆጣው ምን እንዳለ ታውቃለህ? ‹አንቺ ታለቅሻለሽ። ወዳጄ ግን ይሰማኛል› አለኝ።» ዓይኗን በመዳፏ ጠረገች። «ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ ካንተ ዘንድ ሲመጣ ፊቱ ፈክቶ ነበር። ሸክም እንዳወረደ ሰው። ‹ሁሉንም ነገርኩት፣ አሁን የፈለገው ይምጣ› አለኝ። እግዜር ይስጥህ ወንድሜ።»

ጋሽ መቀስ ያን ጊዜ መናገር ነበረበት። ግን ራሱን ነቀነቀ፤ ነቀነቀና ወጣ።

ሱቁ ተመልሶ በሩን ከውስጥ ዘጋው። እዚያው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ስልኩን እዚያው ቦታ አስደገፈው። ጫካ ውስጥ ቤት የሚሠራውን ሰው ፈለገ፤ አገኘው። ምስሉ ሲመለስ ቃሉም አብሮት ይመለስ ይሆናል ብሎ ነው። ጉድጓዱ ሲቆፈር ዓይኑን ጨፈነ፣ ምንም። ግንዱ ሲተከል፣ ምንም። ወደ ኋላ መለሰው፣ እንደገና አየው። የሰውዬውን እያንዳንዱን እንጨት ያስታውሳል፤ የትኛው ጠማማ እንደነበረ፣ የትኛው እንደተሰነጠቀ። የሠላሳ ዓመት ወዳጁ በሻከረ ድምፅ፣ ቃል እየቆጠረ ከተናገረው ግን አንዲት ቃል የለችውም። ስድስት ጊዜ አየው። በስድስተኛው፣ ሰውዬው ጭቃውን በእግሩ መርገጥ ሲጀምር፣ አንድ ነገር ትዝ አለው፤ ቀያሹ እዚህ ጋ ስቆ ነበር። አጭር፣ በአፍንጫ የወጣች ሳቅ። ከሩብ ሰዓት ንግግር የተረፈችው ይህችው ናት።

ዓርብ ዕለት ልጁ ስትደውል ሁሉንም ነገራት። በሕይወቱ ለልጁ አልቅሶ አያውቅም፤ አለቀሰ። እሷም ስልኩን ከሕፃኗ አርቃ ወደ ሌላ ክፍል ገባች።

«አባዬ፣ እኔ ነኝ ጥፋተኛዋ። እኔ ነኝ የላክሁልህ።»

«አንቺ ስልክ ነው የላክሽው፣ ልጄ። ጆሮዬን የደፈንኩት እኔ ነኝ።»

ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ይቅር ብሎሃል በለው» አለችው። «ሌላ ምን ሊል ይችላል? ለመርገም ከሆነ ያን ያህል አይደክምም ነበር። ውሸት አይሆንብህም፣ አባዬ።»

ይህ ልክ መሰለው። ሌላ ምን ሊል ይችላል? ቅዳሜ ጠዋት ጢሙን እየተላጨ፣ መስታወቱ ፊት ቆሞ ተለማመደው። «አባትህ ይቅር ብሎሃል፤ ይቅር በለኝም ብሎሃል።» ደጋገመው፤ አፉ ላይ ቀለለው።

የቀያሹ ልጅ ከሰዓት በኋላ ብቻውን ወደ ሱቁ መጣ። ሠላሳ አምስት ዓመት ይሆነዋል። ጎንበስ ብሎ ሰላም አለውና ወንበር ሲሰጠው እንቢ ብሎ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ፤ ጫፉ ላይ፣ አባቱ በሚቀመጥበት ቦታ። ማን ነግሮት? ማንም። ስልኩን ከኪሱ አወጣና ሙሉ በሙሉ አጥፍቶ መለሰው።

«ጋሼ፣ አክስቴ ሁሉንም ነግራኛለች» አለ ልጁ። «አውሮፕላን ውስጥ ዓይኔን አልከደንኩም። ክፉም ቢሆን ይንገሩኝ፣ እችለዋለሁ። ስድስት ዓመት ያችን አንዲት ቃሉን ብቻ ስሰማ ኖሬያለሁ፤ ሌላ ቃሉን ልስማ።»

«አባትህ…» አለ ጋሽ መቀስ። «አባትህ ይቅር…»

«እሱ እንዳለው ይንገሩኝ። በራሱ አነጋገር። አባቴ እንዲህ ቀጥ ብሎ አይናገርም፣ ዞሮ ዞሮ ነው የሚመጣው። ከየት ጀመረ?»

ጋሽ መቀስ የተለማመደውን ቃል ፈለገው፤ ጠፋ። የቀያሹ ዓይን፣ ያው አንዱን ጨፍኖ የሚለካው ዓይን፣ ከልጁ ፊት ላይ ያየዋል። ለዚህ ዓይን ሁለት ሚሊ እንኳ አይዋሽም።

«አልሰማሁትም» አለ።

«ምን አሉ?»

«እዚሁ ተቀምጦ ነግሮኛል። ሩብ ሰዓት ሙሉ ነግሮኛል። እኔ ስልክ እያየሁ ነበር። በዚህ ጆሮዬ ማዳመጫ ነበር። አዎ አዎ አልኩት፣ ገባኝ አልኩት፣ ምንም አልሰማሁም። አደራ በላሁ፣ ልጄ።»

ልጁ አልተቆጣም። ቢቆጣ፣ ቢሰድበው፣ ቢመታውም ይሻል ነበር። የገባው አይመስልም፤ ግድግዳው ላይ ያሉትን ፎቶዎች አንድ በአንድ አያቸው።

«አንዲት ቃል እንኳ?»

«አንዲት ቃል የለችኝም። ግን መሃል ላይ ሳቀ። እሱን እርግጠኛ ነኝ። አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ሳቀ።»

«እንዴት ያለ ሳቅ?»

ጋሽ መቀስ ሊያሳየው ሞከረ። በአፍንጫው ትንፋሽ ገፋ አደረገ። አልመሰለም፤ ሳል ሆኖ ወጣ። እንደገና ሞከረ። ልጁ እጁን አንስቶ አስቆመው።

«ምን ነበር የሚያዩት?»

«ቤት የሚሠራ ሰውዬ።»

ልጁ ተነሳ፣ ጃኬቱን አስተካከለ፣ በሩን ከፈተ። ፊቱን ሳይመልስ፣ «ጋሼ፣ ቢዋሹኝ ይሻለኝ ነበር» አለና ወጣ። ሰኞ ወደ መጣበት ተመለሰ። አክስትየው ለጋሽ መቀስ ሰላምታ መስጠት ያቆመችው ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው። መንገድ ላይ ሲገናኙ ትሻገራለች። እሱም አይከተላትም፤ ምን ብሎ ይከተላታል?

ስልኩን አልሰበረውም። የልጅ ልጁ በየቀኑ ትጠራዋለች፤ አንዳንዴም ስልኩን ዘግቶ ሳለ ጣቱ በልማድ ወደ ላይ ሲገፋ ያገኘዋል፣ ያፍራል፣ ይተዋል፣ ነገም ያው ነው። ማዳመጫውን ግን ጥሎታል።

ሥራውን ዛሬም ይሠራል። አንድ ነገር ብቻ ተለውጧል፤ ደንበኛ አፉን ሲከፍት ጋሽ መቀስ መቀሱን ያቆማል። ማሽኑን ያጠፋል፣ ወንበሩን ወደ ራሱ ያዞራል፣ ሰውዬው እስኪጨርስ ዓይን ዓይኑን ያየዋል። ስለ ዝናቡ ቢሆንም፣ ስለ ኳስ ቢሆንም። «ምን አልክ? ድገምልኝ» ይላል። የግማሽ ሰዓት ሥራ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል። ብዙዎቹ ተሰላችተው ጥግ ላይ ወደተከፈተው አዲስ ፀጉር ቤት ሄደዋል፤ «ሽማግሌው ጃጀ» እያሉ። የቀሩት ጥቂቶች ያወሩለታል። እሱም ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው ይሰማቸዋል፣ ልቅም አድርጎ ይይዘዋል፤ ሊሰማው የሚፈልገውን ግን ከመካከላቸው የሚያውቀው የለም።